ያልነገረኝ ምልክት

ሸዋንግዛው መጥቶ፣ ግድግዳውን በስቶ፣
ምድጃውን ሰካ፤ አሳየኝ ነካክቶ፦
«ይቺ የታች እሳት፣ ይቺኛዋ የላይ፣
ይቺ ማራገቢያ፣ ለብስኩት፣ ለመሳይ፤
ቀይዋ ለጥብስ ናት፣ ዐይንሽን አትንቀይ!»
እሺ ብዬ ረሳሁ።

ጠላቴ ግን ውርጭ ነው። ጠባሴ ላይ ሲነጋ
እንኳን ቡኮ ቀርቶ ሰው አይነሣም ካልጋ።
ለሳፋው ደረብኩኝ ጋቢዬን ቀንሼ፣
የፋብሪካ ብርድ ልብስ በላዩ አልብሼ፤
ኩፍ አላለም።

ማታ ጣቴ ስቶ አንዷን ምልክት ነካ፦
እሳት የለ፣ ነፋስ የለ፣
አምፖሏ ብቻዋን በርታ ቀረች ለካ።
ቡኮው እፊቷ አደረ።
ሲነጋ ብከፍተው
ሆዱን ነፍቶ፣ ከሳፋው ከንፈር ተሻግሮ፣
መስታወቱን ይገፋል።

«የትኛዋን ወደድሽ?» ሲለኝ ሸዋንግዛው፣
ስልኩን በትከሻዬ ጆሮዬ ላይ ይዤው፣
«ያልነገርከኝን» አልኩት፤
እጄ ገና ሊጥ ነው።