ገራባ

ሌሊቱ ሲገፈፍ፣ አወዳይ ገበያ፣
አይሱዙው ሲከንፍ ወደ ሶማሊያ፣
ልጄ ጎንበስ ብላ ገራባ ትለቅማለች፤
ከፍየል ጋር ተጋፍታ ጆንያ ትሞላለች፤
ሰው አኝኮ ሊተፋው እንኳን የናቀውን፣
የወየበ ቅጠል፣ የደረቀ ግንዱን።

«ምነው፣ አብዱልናስር?» አለኝ አንድ ጎረቤት፣
ከመስጊድ ስንወጣ፣ ጫማ ካወለቅንበት፤
«ልጅህ አራት ዓመት ሐረማያ ከርማ
የተማረችው ይህን ነው? የቆሻሻ ለቀማ?»

እኔም አፍሬያለሁ። ይባስ ብላ አንድ ማታ
ትል ይዛ መጣች፣ በኒዶ ጣሳ ሞልታ፤
የተተረተረ የሹራብ ክር የመሰለ፣
እርጥብ፣ ቀይ፣ እርስ በርሱ የተጠቀለለ።
«ትል የመቃብር ነው፤ እኔ ቤት አይገባም፤
የእናትሽ አፈር ገና አልደረቀም።»

ዝም አለች። ጣሳውን ከደጅ አሳደረች።
በነጋው ከማንጎው ጥላ ሥር ሣጥን ገጠመች፤
ቆርቆሮ ከደነች፣ ለጉንዳን አመድ ነሰነሰች።
ገራባ ከትፋ፣ የማሽላ አገዳ፣
አነጠፈችለት እንደ ክቡር እንግዳ።

በአሥረኛው ቀን ነው፣ ገና ሳይረፍድ ጧቱ፣
ጠራችኝ። ትሎቹ ረግፈው ሞቱ።
ከሣጥኑ ሊሸሹ ዳር ዳሩን ይዘዋል፤
ጥቂቱ በጠርዙ ተንጠልጥሎ ደርቋል።
አንዱን በመዳፏ ይዛ ቀና አለች፤
«አባ፣ ይህ ገራባ የማን ነው?» ጠየቀች።

አወቅሁት። የኔ ነው፤ የታችኛው ማሳ፤
ሐሙስ ረጭቼበት ዓርብ ወደ ገበያ የተነሣ።
ሐረር የገዛሁት ጠርሙስ፣ ስም ያልተጻፈበት፤
ሻጩም ያልነገረኝ፣ እኔም ያልጠየቅሁት።
ቅጠሉ እንዲያበራ፣ ተባይ እንዳይበሳው።
ትል የተጠየፈው፣ ትል ሮጦ የሸሸው፣
በስንት ሰው ጉንጭ ውስጥ ይሆን የከረመው?

ያ ማሳ የቡና ነበር፣ የአባቴ ተክል።
ዋጋው ወደቀና፣ ጫቱ ብር ሲያበቅል፣
በሦስት ቀን ነቅዬ ለማገዶ ሸጥኩት።
አባቴ አልጋ ላይ ሆኖ ሰማው፣ የሥሩን ስብራት።
«እንኳን አላየሁት» አለ። ሌላ አልተናገረ።
ከዚያ እስኪሞት ድረስ ወደ መስኮቱ ፊቱን አላዞረ።

ነጅማ ሌላ ጣሳ አመጣች በወሩ፤
እኔም አንድ ጥግ ተውኩላት፣ ሳይረጭ ከዳሩ።
ቅጠሉን ተባይ በሳው። ነጋዴው አየና
ግማሽ ዋጋ ሰጠኝ። ተቀበልኩት፣ ዝም አልኩና።

ገራባው በስብሶ ትኩሳቱ በረደ፤
ትሉ ያለ ጥርስ፣ ያለ ወፍጮ፣ ፈጭቶ ወረደ።
በሦስተኛው ወር ላይ ክዳኑን ከፈተች፤
«እጅህን አስገባ፣ አትፍራ» አለች።
እፍኝ ሙሉ፣ ጥቁር፣ ልል፣ እንደ ኑግ ዱቄት።
የመቃብር ሽታ ፈልጌ አሸተትኩት፤
አጣሁት። የሸተተኝ
በበልግ የረሰረሰ የኤረር መሬት።

«አንድ እጅ ከዚህ፤ ሦስት እጅ አፈር ይሁን፤
ሲበዛም አይሆንም፤ ጥጋብ ያሰንፈዋል ሥሩን።»
ላስቲኩን ሞላን። በአውራ ጣቴ ጎድጓዳ ሠራሁ፤
አባቴ እንዳሳየኝ፣ ፍሬውን በደረቱ አስተኛሁ።

ሃምሳ ቀን ጠበቅን። አንገቱን ቀልብሶ፣
ገለፈቱን ቆብ አድርጎ ወጣ፤
ሰንብቶ ቆቡን ጣለና
ቢራቢሮ መስሎ ሁለት ክንፍ አመጣ።

ጫቱን አልነቀልኩም። ዕዳ አለብኝ፤ ጉርሴም እሱ ነው።
በመስመሩ መሃል ግን፣ ክረምት ሲገባ፣
ጉድጓድ ጀመርኩ። ዶማው ያው ነው።
በሦስተኛው ጉድጓድ አንድ ነገር ነካ፤
የአባቴ ቡና ሥር፣ እስከ ዛሬ አልበሰበሰም ለካ።
ቁጭ ብዬ ያዝኩት።
ነጅማ አጠገቤ ቆመች፤
«ይሄንንም ስጠኝ» ብላ ጆንያዋን ዘረጋች።