ፈቃድ

በርገን ላይ ዝናቡ ቀን መርጦ አይጥልም፤
ሰው ጃንጥላ ያያል፣ ሰው ሰውን አያይም።
እኔን ያስጨነቀኝ የሰማዩ አይደለም፣
የቤቴ ውሃ ነው፣ ድምፅ እንኳን የለውም፤
ከሻወሩ ግድግዳ፣ ከሴራሚኩ ኋላ
እንደ ሐሜት ሰርጎ እንጨቱን ሲበላ።

አምና ያሠራሁት ርካሽ ሰው ነበረ፤
በሁለት ቀን ለጥፎ፣ ብሩን ቆጥሮ ተሰወረ።
ከታች ራግንሂል፣ ጎረቤቴ አሮጊቷ፣
ኮርኒሷ አብጦባት እንደ ድርስ እርጉዝ ሴት፣
ባልዲ ይዛ መጣች።
ኢንሹራንሱ ጠየቀ፦ «ሠሪው ማን ነበረ?
የፈቃድ ቁጥሩስ?»
ስልኩን ብቻ ሰጠሁ። ስልኩም የተዘጋ።
«ስም አይበቃም፣» አለች ራግንሂል፣ «ስም ዝናብ ያጥበዋል።
ቁጥሩን ተቀበዪና መዝገቡ ላይ እዪ፤
ሰውየው ካለ፣ ይገኛል።»

ዘንድሮ ግን ባሌ «ያገር ልጅ አለልሽ፣
የድሬዳዋ ልጅ፣ እጁን ብታዪለት» አለኝ።
«ፈቃድ እንዳትጠይቂው፣ አንገቱን ይደፋል፤
ሰው በሰው ነው እንጂ፣ ወረቀት ምን ያውቃል?»

ቅዳሜ ረፋድ ላይ ተካልኝ መጣልኝ፣
ጫማውን ደጅ አውልቆ።
ሴራሚኩን በጣቱ አንጓ ኳ ኳ፣ ጆሮውን አስጠጋ፤
«ባዶ ነው፣» አለኝ፣ «ውሃው ያለው እዚህ ጋ።»

ምላሴ ከበደኝ። ሻይ አቀረብኩለት።
ደግሜም ቀዳሁ። ከዚያ ጠየቅሁት፦
«ፈቃድህን ልየው?»
ከት ብሎ ሳቀና፦
«የኔ ፈቃድማ ሙሉ ነው፣ ምን ጎድሎ!
ያንቺና የላይኛው ከታከለበት
ሰኞ እጀምራለሁ።»
«ያኛውን አይደለም፣» አልኩ ወለል ወለሉን እያየሁ፣
«ቁጥር ያለውን ነው።»

ከደረት ኪሱ አወጣ አራት የታጠፈ፣
ጠርዙ በላብ ያለቀ፣
ወይን ጠጅ ማኅተሙ ግማሹ የጠፋ፦
አሥራ ስምንት ዓመት፣ ቧንቧና ሲሚንቶ፣
በሌላ አገር ፊርማ።
ስሙን በስልኬ ጽፌ መዝገቡን ፈለግሁ፤
አጠገቤ ቆሞ እሱም አብሮኝ ጠበቀ።
«አልተገኘም» አለ።
ሰውዬው ከነቁመቱ ከፊቴ ቆሞ አለ።

«ፈተናው ሚያዝያ ነው፣ የያዘኝ ቋንቋው ነው።
እውነትሽን ነው እኅቴ፣ ውሃ ነገር አልነካም፤
ነገ ቢያፈስብሽ ዕዳው ያንቺ ነው» አለ።
ሻዩን ጨረሰና ብርጭቆውን አጠበ፤
ቧንቧውን ጠበቅ አርጎ ዘግቶልኝ ሄደ።
ባሌ ሳምንት ሙሉ አኮረፈ።

በሦስተኛው ሳምንት ባለ ቁጥሩ መጣ፣
ሲጉርድ የሚባል፣ መዝገብ ላይ ያለ፣ ዋስትና ያለው፣
ዋጋው የሚያስለቅስ።
ሴራሚኩን በጣቱ አንጓ ኳ ኳ፣ ጆሮውን አስጠጋ፤
«ባዶ ነው፣» አለኝ፣ «ውሃው ያለው እዚህ ጋ።»
ያችኑ ሴራሚክ። ያችኑ አንዷን።

ፈረምኩ። ተሠራ። አሮጊቷ ባልዲዋን ወሰደች።
አሁን ግን ማታ ማታ፣ ቤቱ ጸጥ ሲልልኝ፣
መዝገቡን ከፍቼ ስሙን እጽፋለሁ፦
ተካልኝ።
«አልተገኘም» ይላል።
ገና መጋቢት ነው።