አምስት ጎራሽ

ጎንደር መብራት ጠፋ፤ ቸቸላ ጌም ቤት ውስጥ፣
ስክሪኑ ቢጨልምም፣ ክርክሩ ሲቀልጥ፦
"በክፍል አንድ" አለ፣ አዛናው ተቆጥቶ፣
"የብርሃን ጠመንጃው፣ ጥይት መቼ ሽቶ?
ሲግል ያርፍ ነበር፣ ትንፋሹን ሰብስቦ፣
እሳት ይተፋ ነበር፣ ሲበርድ ተርቦ።
በክፍል ሦስት ግን፣ ካዝና ቀይር አሉን፤
ያንኑ ጠመንጃ! ዓይናችን እያየ፣ እንዲህ ሲያታልሉን!"

ከመጽሐፍ ቤት ሸሽቶ፣ ጌም ቤት የከረመው
ቃለአብ እንደ የኔታ፣ ጉሮሮውን ጠርጎ፣ እንዲህ ተረጎመው፦
"አንድም፦ በመካከል፣ መቶ ዓመት አልፏል፤
የፀሐዩ ድንጋይ፣ ከጉድጓዱ ነጥፏል።
አንድም፦ የማረኩት፣ ከጠላት መርከብ ነው፤
መልኩ ያው ቢሆንም፣ አንጀቱ ሌላ ነው።
አንድም፦"
          "አንድምታህን ተው! ደራሲው ዘንግቶ
ለቀደደው ቀዳዳ፣ ክርና መርፌ ይዞ፣ ማን ያድራል ተጎልቶ?"

ባለቤቷ ደብሬ፣ ሻማ እየለኮሰች፣
"የትናንቱን ሒሳብ፣ ሁለታችሁም አልከፈላችሁም" አለች።

እኔ ዝም አልኩኝ።
አባቴ፣ የአርማጭሆው ሰው፣ ምንሽሩን ሲያወጋ
ክረምት "አምስት ጎራሽ"፣ ጥቅምት "ሰባት ጎራሽ"፤
ለፋሲካማ ጭራሽ
ከምሽት እስኪነጋ ይተኩስ ነበረ፣ አንዴም ሳያጎርስ።
እናቴ በጓዳ፣ በጣቷ ትቆጥራለች፤
ስቃ ታልፈዋለች።
ማንም አላረመው።

ሲሞት ከቆጥ አውርደን፣ ጨርቁን ፈታንና
አየነው፦ መምቻ የለውም። ከጥንትም አልነበረው።

"መብራት መጣ!" አሉ።
ቃለአብ ወንበር ሳበ፤ አዛናው ቀደመው፤
እየተራገመ ካዝናውን ቀየረ፣ ተኩሱን ጀመረው።
እኔ ከኋላው ቆሜ፣ ከንፈሬ ሳይሰማ፣
እቆጥራለሁ፦
አምስት። ስድስት።
ሰባት።