ዝናብ ጭቃ አይዘንብም

የከተማዋ ስም ሜርሴዴስ ነው፤ ኡራጓይ፣ ከጥቁሩ ወንዝ ዳር፤
እኔ የተጠራሁት ግን ለፎርድ ነው፣ ከነዝገቱ፣ ከነድሩ፣ ከነአፈር።

ሴኞራ ኦፌሊያ የጋራዡን በር በትከሻዋ ገፋችው፤
«ይኸውልህ» አለች፤ የቀረውን ዋጠችው።
ሠላሳ አራት ዓመት ካንድ ቦታ ያልተነሳ፣
የዘመን አቧራ ለብሶ ቀለሙን የረሳ፣
ዶሮ ወንበሩ ላይ እንቁላል የጣለችበት፣
ባሏ ሞቶ እንኳ ያልሞተበት።

ማኖቬላውን ሰክቼ ታገልኩት፤
የተንቀጫቀጨው ወገቤ ነው፤ እሱን ንቅንቅ አላደረግኩት።
ሙያ ያስተማረኝ አንሴልሞ፣ ነፍሱን ይማር፣
«የነከሰ ሞተር ይለመናል እንጂ አይመታም» ይል ነበር።

ስለዚህ ለመንኩ።
ካንዴላዎቹን ፈታሁ፤ አራት ጉድጓድ፣ አራት ጨለማ፤
ናፍጣና ዘይት ቀላቅዬ አፈሰስኩ፣ እንደ ውሃ ለተጠማ።
ሰኞ ሞላሁ። ሐሙስ ሞላሁ።
ሦስቱ እየጠጡ ያጎድላሉ፤
አራተኛው ጾመኛ ነው፣ ከንፈሩን ገጥሟል።

እሷ በየማለዳው የማቴ ቅሏን ይዛ ትመጣለች፤
በብር መምጠጫዋ ትስባለች፣ ታየኛለች፣ ትሄዳለች።
በዘጠነኛው ቀን ቅሉ ባዶ ሆኖ እንኳ አልሄደችም።

«በጎርፉ ጊዜ ሸሽተን ከኮረብታው ሰነበትን፤
ስንመለስ ወለሉ ደርቋል፤ ሞተሩ እንቢ አለን።
ሮሙአልዶ ምን አለኝ? ‹ውሃው ከሎሚው ዛፍ አላለፈም፤
ኮፈኑን ከፍተሽ ትተሽ ነው፤ ዝናብ ነው፣ ሌላ አይደለም።›
ወጡ ጨው ሲበዛው ያንን ኮፈን፣
እንግዳ በመጣ ቁጥር ያንኑ ኮፈን፣
እስኪሞት ድረስ ከፈተብኝ።
ዘግቼው ነበር። አውቃለሁ። ግን ሲደጋግሙበት
ሰው የገዛ እጁን ይጠረጥራል።»

በማግስቱ ቴስታታውን አወረድኩ። አሥራ አራት ዳዶ፤
ሁለቱ ከነእግራቸው ተሰበሩ፣ አንሴልሞን አማሁት።
ሦስቱ ፒስተኖች በዘይት ወዝተዋል፤
አራተኛው ላይ ጭቃ። ደርቆ የተሰነጣጠቀ፣ የወንዝ ጭቃ፤
መሀሉ ላይ የጥፍር ታህል ቀንድ አውጣ።
ዱካውን ተከተልኩ፤ ቫልቩን አልፎ፣ ማርሚታውን አልፎ፣ እስከ ጭስ ማውጫው ጫፍ፤
ጎርፉ በጓሮ በር ነው የገባው፣
ፊት ለፊት ያለው ኮፈን ሲከሰስ።

ጠራኋት። ጎንበስ አለች። መነጽሯን አወለቀች፣ መልሳ አደረገች።
«ዝናብ» አለች፣ «ዝናብ ጭቃ አይዘንብም።»
ሌላ አልተናገረችም፤ ጭቃውን በጥፍሯ ፈለቀቀች፣
ከነቀንድ አውጣው በመሀረብ ቋጠረች።

እኔም ወደ ሥራዬ። በፒስተኑ አናት እንጨት፣ በእንጨቱ አናት መዶሻ፤
ጠብ፣ ጠብ፤ የተኛን ሰው እንደ መቀስቀሻ።
አንድ የኋላ ጎማ በክሪክ አንስቼ፣ ሦስተኛ ማርሽ አስገብቼ፣
ወደፊት፣ ወደኋላ፣ ወደፊት፣ ክንዴን እስክረሳ ገፍቼ።
በአሥራ ሦስተኛው ቀን፣ ከሰዓት በኋላ፣ ዝንብ በበዛበት ሙቀት፣
አንድ ድምፅ ሰማሁ፣ የሽማግሌ ጉልበት ሲታጠፍ ዓይነት፤
ጎማው አንድ ጣት ሄደ።
መለስኩት። ሁለት ጣት።
«ለቀቀ!» ብዬ ጮህኩ፤
ከዶሮዎቹ በቀር የሰማኝ አልነበረም።

ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ ነው፣ ሥራ ደግሞ አይገጠምም፤
ቫልቭ ማሸት፣ የካርቡራተር ዝቃጭ፣ ከሞንቴቪዴዮ በአውቶቡስ የመጣ ቀለበት።
ሲነሳ በሦስት እግሩ ነው የተነሳው፤
አራተኛው ያስላል፣ ጋራዡን ሰማያዊ ጭስ ሞላው።
«አንድ ሳምንት ስጪኝ፣ ላስተካክለው።»
«ይሄዳል?»
«መሄዱንስ ይሄዳል።»
«ታዲያ ውረድ።»

መንዳት እንደምትችል ከተማው አያውቅም ነበር።
ከመቃብሩ በር ስትደርስ ቀስ አለች፤ አልወረደችም፤ አበባም አልያዘች።
መሀረቡን ከጉያዋ አውጥታ ከመስታወቱ ሥር አስቀመጠችው፤
ጡሩምባውን አንድ ጊዜ፣ ረዘም አድርጋ፣ ነፋችው።
ዘበኛው የቀብር ሰልፍ መስሎት ባርኔጣውን አነሳ።
እሷ ማርሽ ቀየረች።