ተነሥቶ የሚቆም

ሰው ሲሻለው ተነሥቶ ይቆማል፤
የሎርን ፒካፕ ግን ተነሥቶ መቆም ያመዋል።
ቁልፉን ስታዞረው ያስላል፣ ያጓራል፣ ይነሣል፤
አራት ደቂቃ ይሠራል፣
ከዚያ እንዳኮረፈ ሰው ምክንያቱን ሳይነግርህ ይተዋል።

ብሩክስ፣ አልበርታ፤ ወሩ መጋቢት፤
በረዶው ቀን ቀልጦ መልሶ የሚጠጥር በሌሊት።
ከሥጋ ፋብሪካው፣ ከሌሊት ፈረቃ ስወጣ፣
ጣቶቼ በቢላ እጀታ ልክ ታጥፈው ገና ሳይፍታቱ፣
ሎርን ከአጥሩ ማዶ የእጅ ባትሪ ይዞ መጣ፤
«ዛሬም» አለ። ሌላ ቃል የለም። ቃል ቆጣቢ ነው ከጥንቱ።

ኮፈኑን ከፈትን።
እኔ ካንዴላ የምለውን እሱ በሌላ ስም ይጠራል፤
ካቻቢቴ ስል ግን እጄን አይቶ ያቀብላል።
ጣልያን ጥሎት የሄደውን ስም፣ አጎቴ ጋራዥ ያጠናሁትን፣
ድሬዳዋ ላይ በጥፊ የተማርኩትን፣
ካንዴላ፣ ፊልትሮ፣ ፖምፓ፣ ሰልባትዮ እያልኩ፣
ለሰባ ዘጠኝ ሥሪት ፎርድ እንደ ዳዊት ደገምኩ።

ካንዴላዎቹን አወጣሁ፤ ስምንቱም ቡኒ፣ ጤነኛ።
ማክሰኞ ፊልትሮውን ቀየርን። ረቡዕ መልሶ ተኛ።
ካርቡሬተሩን በትኜ፣ ሎርን ወጥ ቤት ጋዜጣ አንጥፌ፣
(ወንበሩ ላይ የሴት ሹራብ ተሰቅሏል፣ ሳልነካው አልፌ)
ቀዳዳውን ሁሉ እንደ ዋሽንት ነፋሁት በአፌ።
ሐሙስ አምስት ደቂቃ ሠራ፤
አንድ ደቂቃ ትርፍ! ሎርን ባርኔጣውን አነሣ፣ የእኔም ልብ ኮራ፤
ከዚያ ጠፋ።

የማደያው ልጅ «ፖምፓው ነው» አለ፤ ፖምፓ ገዛን።
የፋብሪካው ኤሌክትሪሺያን ኑርሑሴን ሽቦ ዳብሶ «ኮይል» አለን፤
ኮይልም ገዛን።
ሎርን አይከራከርም፤ ከኪሱ ያወጣል፣ ይከፍላል፤
ገንዘቡን አይደለም የሚያየው፣ እኔን ነው፣
ሐኪም ፊት እንደ ቆመ ዘመድ። ይኼኛው ይብሳል።

በሽታውን ያልተናገረ መድኃኒት የለውም ይባላል፤
ይኼ ግን ሲናገር ከርሟል፤
ጆሯችን ነበር ሌላ ቦታ የዋለው።

ቅዳሜ፣ ደክሞኝ፣ ነዳጅ እንዳለው ልይ ብዬ ብቻ፣
የሰልባትዮውን ክዳን ፈታሁት።
ሹ—
አለ፣ ረጅም፣ ከጕድጓድ እንደ ወጣ ሰው ትንፋሽ፤
አየሩ ግን ገባ እንጂ አልወጣም።
ክዳኑን ሳልመልስ ቁልፉን አዞርኩት፤
ስድስት ደቂቃ። አሥር። ሃያ። ሰዓቴን ማየት ተውኩት።

ለካስ የሚሰጥ ጋን በሰጠው ልክ ካልተነፈሰ፣
ሞልቶ እያለ ይነጥፋል፣ የሰጠውን እየመለሰ።

«ክዳኑ ነው! የሌላ መኪና ክዳን ነው፣ መተንፈሻ የለውም፤
በአሥራ ሁለት ዶላር ይገዛል» አልኩ። ሎርን አልመለሰም።
ከእጄ ተቀብሎ በሸሚዙ ጫፍ ወለወለው።
«ቬርና ናት የገዛችው» አለ። «አሮጌውን ማደያ ረስቼው፣
ስትስቅብኝ ከረመች። ኅዳር ላይ ነው። ታኅሣሥ ላይ ደግሞ...»
የቀረውን ለክዳኑ ነገረው።

የምለው አጣሁ።
ከሣጥኔ ትንሿን መሰርሰሪያ፣ የመርፌ ያህሏን፣ አወጣሁ፤
እሱ ክዳኑን እንደ ሕፃን ራስ በሁለት እጁ ደግፎ ያዘ፣
እኔ ቀስ ብዬ በሳሁ።
ፀጉር የማታልፍበት ቀዳዳ። ሎርን ወደ ከንፈሩ አስጠግቶ
እፍ አለበት። አለፈ። መለሰው፣ በዝግታ አዙሮ፣ ዘግቶ።

ተነሣ።
አራተኛው ደቂቃ ደረሰ፣ አለፈ።
ሞተሩ አልቆመም፤
የቆምነው እኛ ነን፣ ኮፈኑ ሥር፣ ሁለታችንም፣
ጭሱ ጫማችን ላይ ሲተኛ፣
ቀን የቀለጠው በረዶ መልሶ እስኪጠጥር።