የመታወቂያ ፎቶ

ሥራዬ ፊት ነው፤ ሦስት በአራት፣ ጀርባው ነጭ።
«ቀና በይ… በጣም አይደለም… ዝቅ ይበል አገጭ።»
ከፖስታ ቤት ወረድ ብሎ፣ ቸርችል ጎዳና ዳር፣
ስንቱን ፊት አየሁት በዚህች ጠባብ በር።

ምሳ ሰዓት ላይ ዘግቼ እወጣለሁ
ሌሎቹን ደንበኞቼን ፍለጋ፤
ቀጠሮ የማያከብሩ፣
«ዓይን ወደዚህ» ቢባሉ የማይሰሙ፣
እግራቸው ስድስት፣ ኪሳቸው ባዶ።
ሌንሱን ገልብጬ ካሜራው አፍ ላይ በጎማ አስሬ
በሆዴ እተኛለሁ።
አላፊ አግዳሚው «ምን ጠፋብህ?» ይለኛል።
«ስም» እላለሁ።

ብቻዬን አይደለሁም።
ጋሽ እርገጤ አሉ፣ ሠላሳ ዓመት ባዮሎጂ ያስተማሩ፣
ዛሬም ክንፍ ሲያዩ እጃቸው ጠመኔ የሚፈልግ።
ሂክመት አለች፣ ዚፕ ቀያሪዋ፣
መርፌ በለመደ ዓይኗ የጢንዚዛ አንቴና የምትቆጥር፤
«አሥራ አንድ አንጓ ነው፣ አሥር አይደለም» ብላ
ጋሽ እርገጤን ሳምንት ያስኮረፈች።
ቶለሳ አለ፣ የባንክ ዘበኛ፣
ሌሊት መብራቱን የሚከቡትን በተረኛ ደብተር የሚመዘግብ፦
«ስድስት ሰዓት ከሩብ። አንድ ግራጫ የእሳት ራት፣ ግድግዳው ላይ።
ዘጠኝ ሰዓት። አሁንም አለ። ሰላም ነው።»

የካቲት ላይ፣ ፍልውሃ አጥር ጥግ፣
ብቻውን የቀረ ቀይ ባሕር ዛፍ
ቅጠሉ ነጫጭ ነጥብ ለብሶ አገኘሁት።
ኖራ መሰለኝ፣ የሚፈርስ ግድግዳ አቧራ።
ቀረብ ስል፣ ጎጆ ነው!
ጣሪያው ሹል፣ ዙሪያው ክብ፣ ምሰሶ የለው፣ በር የለው፣
ከምስር ፍሬ የሚያንስ፤
አንድ ቅጠል ላይ አርባ አባወራ።
በጥፍሬ ጫፍ አንዱን ገለጥ ባደርገው
ቢጫ፣ ኢምንት፣ ባለቤቷ
ፀሐዩ አስደንግጧት ግራ ቀኝ ዞረች።
አፈርኩ።
ጣሪያዋን መልሼ ደፋሁላት።

ጋሽ እርገጤ «ሻጋታ ነው» አሉ።
ሂክመት «ሻጋታ እግር አለው እንዴ?»
ቶለሳ፣ ማንም ሳይቀድመው፣ ቀመሰው።
«ስኳር ነው» አለ።

ኬርንስ በሚባል ከተማ፣ አውስትራሊያ ሰሜን ጫፍ፣
ሞሪን አለች፣ ጡረታ የወጣች ነርስ፤
የእሷ ጓሮ ዝናብና ወበቅ ነው፣
ቅጠል ከቅጠል የሚሰፉ አረንጓዴ ጉንዳኖች ያሉበት።
ያንን ፎቶ የላከችልን ቀን
ሂክመት «የሙያ ባልደረቦቼ» ብላ ስልኩን ሳመችው።
አሁን ተራው የእኛ ነበር፤ ጎጆውን ላክንላት።
የእሷ ጠዋት የእኛ ውድቅት ነው።
ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት፣ ቶለሳ ደብተሩ ላይ
በትልቁ ጻፈ፦ «ስሙ መጣ።»

«ይህ የእኛ ልጅ ነው» ትላለች፣ «እዚያ ምን ያደርጋል?
የቅጠሉን ጭማቂ ይጠጣል፣
ከተረፈው ስኳር ቤት ይሠራል።
ሲበዛ ዛፉን ያደርቃል፣ ተጠንቀቁ።
ዛፉም የእኛ ነው።»

ዛፉም የእኛ ነው።
እዚህ ላይ ዝም አልን።
አጥራችን፣ የግንበኛው መወጣጫ፣
ጉንፋን ሲይዘን አንሶላ ተከናንበን የምንታጠነው፣
ስሙ ራሱ ባሕር ተሻገርኩ እያለ
ማንም «አገርህ የት ነው?» ያላለው።
ዘመዱ ዘግይቶ ደረሰ፣
ቤት መሥራት እንጂ ሻንጣ የማያውቅ።

«ግሊካስፒስ» ብለው ጻፉ ጋሽ እርገጤ፤
እነሱ ዘንድ የአባት ስም ይቀድማል።
ትርጉሙ፣ አሉ፣ ጣፋጭ ጋሻ።

ሦስት በአራት አጠብኳት፣ ጀርባዋ ነጭ፣
ከመስታወቱ ሥር ከፊቶቹ መሐል ሰካኋት።

በሳምንቱ አንዲት እናት መጡ፣ መታወቂያ ሊያድሱ፤
ከነባሩ ሰፈር ከተነሡ ሦስተኛ ወራቸው፣
አድራሻ ሲባሉ «የድሮውን ነው የአሁኑን?» የሚሉ።
«ይቺ ደግሞ ማናት?»
«ከምትበላው ቆጥባ ቤት የሠራች» አልኳቸው።
መነጽራቸውን አውጥተው ብዙ አዩዋት።
«ጎበዝ» አሉ፣
ነጠላቸውን አስተካክለው ወንበሩ ላይ ተቀመጡ።
አገጫቸው ከፍ ብሏል።
ዝቅ ይበል ሳልል አነሣኋቸው።