ደመራው ወዴት ወደቀ?

የማርቆስ ብርድ ከጮቄ ወርዶ ያድራል አጥንት ሲፈትሽ፤
ዓመት ሙሉ ያለ ከሰል ታመሻለች ሚስቴ ይታይሽ።
ክብሪት ስትጭር ጀርባዋን አዙራ ትቆማለች፣
እኔ እንዳላይ ብላ በነጠላዋ ትጋርዳለች።
አትጠይቀኝም። አንዴ ብቻ፣ ሊነጋጋ ሲል፣
«አግማሴ ማነው?» አለች። በእንቅልፌ ጠርቼው ኖሯል።
«የሥራ ባልደረባ» አልኳት።
እንዲህ ቀላል ሆኗል ውሸት።

አግማሴ ዘበኛ ነበር፣ የጨርቅ መጋዘን አዳሪ፤
ከውጭ ቆልፎበት ይሄዳል ጌታው፣ ሌባ ፈሪ።
ስንደርስ ቆርቆሮው ቀልቷል፣ ውሃችን ሽቅብ አልወጣ ብሏል፣
ከበሩ ወዲያ ሰው ይናገራል።
አልጮኸም። ይህን ነው እስከ ዛሬ ለማንም ያልነገርኩት፤
«ክፈቱልኝ፣ ወንድሞቼ» ሲል በጨዋ ድምፅ ነው የሰማሁት፣
እንደ ጎረቤት፣ መሽቶበት በር እንደሚመታ።
መጥረቢያዬ ቁልፉ ላይ ሰባት ጊዜ አረፈ።
ስምንተኛው ላይ፣ ጸጥታ።

ወረቀት ሰጡን በሳምንቱ፣ ክብ ማኅተም ያለበት፣
«ሰፈሩን አትርፋችኋል» የሚል፣ የአግማሴ ስም የሌለበት።
አለቃዬ ትከሻዬን መታ አድርጎ «ወንድ ልጅ ይረሳል» አለኝ፤
እናቴ ጠበል ወሰደችኝ። ውሃው ደግ ነበር፣ አበረደኝ፤
ሰባት ቀን ተጠመቅሁ፤
በስምንተኛው መጥረቢያው ቀሰቀሰኝ።

ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል ይላሉ፣ እውነት ነው፤
እሳት ግን ወስዶም አይጠግብ፣ የተረፈውን ነው የሚበላው።
ሻይ ቤት ስገባ ከወንበሩ በፊት መውጫውን እፈልጋለሁ፣
ሌሊት ተነስቼ በራችንን ወለል አድርጌ እከፍታለሁ።
«ሌባ ይገባብሃል» ይለኛል ጎረቤት። «ይግባ» እላለሁ፣
«ሲፈልግ ይወጣል።»

ደመራ ዕለት ተረኞች ነበርን፣ እኔና ውባንተ፤
መኪናዋ ከሕዝቡ ኋላ፣ ቱቦው እስከ ዳር የተጎተተ።
ካህናቱ ዞሩ፣ አደይ አበባው ታሰረ፣ ችቦው ተለኮሰ፤
እልልታው ሲነሳ ጭሱ መጥቶ ፊቴን ዳሰሰ።
ሕዝቡ ይጨፍራል፤ ሕፃናት አባቶቻቸው ትከሻ ላይ ወጥተዋል፤
እኔ ግን ከሚንጣጣው እንጨት መሐል
ያን ድምፅ ሰማሁ። ያው ነው። አሁንም ጨዋ ነው።
እጄ የቱቦውን አፍ ያዘ። መክፈቻውን ሩብ ያህል አዞረው።
አንድ ጠብታ ጫማዬ ላይ። ሁለት።
ልረጭ ነበር፣ አልዋሽም፣ በመስቀሉ ፊት፣ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት።

ውባንተ አንጓዬን ጨበጠ። አልጎተተኝም፣ አልተቆጣም።
«እኔም እሰማዋለሁ» አለ። ሌላ ቃል አልጨመረም።

ውባንተ! ሰዉ ሁሉ «እሳት የላሰ» የሚለው፣
ለቅሶ ቤት ሳይቀር በቀልዱ ሰው የሚያስቀው!
ቆይቶ፣ ቱቦው ላይ ተቀምጠን፣ «ጫማዬን ሳላወልቅ ነው የምተኛ፤
ልጄ ፊኛ ብታፈነዳ አልጋ ሥር ነኝ፣ እኔ የእሳት ዳኛ።
ሆስፒታሉ ሐሙስ ሐሙስ ሐኪም አለ፣ የዚህ የ... የአእምሮ።
ሦስቴ ደጁ ደርሼ ተመለስኩ» አለ፣ ጉሮሮውን ጠራርጎ።
«የክፍሉ ስም ከባድ ነው እንጂ ቁጥሩ ዘጠኝ ብቻ ነው።»
ሳቅን መሰለኝ። ጭሱ ነው እንበል ዓይናችንን ያረጠበው።

ደመራው ተሰብሮ ወደቀ። ሽማግሌዎች በአቅጣጫው ተከራከሩ፤
«ወደ ምሥራቅ ነው፣ ጥጋብ ነው» አሉ፤ ሌሎቹ «ወደ ሰሜን» ብለው ቀሩ።
እኔን የጠየቀኝ የለም።
ሰዉ ግንባሩን አመድ ሲቀባ እኔ አልቀረብኩም፤
የኔ አመድ ካምና ወዲህ ከግንባሬ አልወረደም።

ማታ ይታይሽ እራት አቀረበች። «አግማሴ» አልኳት፣
«ባልደረባዬ አልነበረም።»
ማንኪያዋን አስቀመጠች። በሩ እንደ ልማዱ ክፍት ነው፣
ብርዱ ዘው ብሎ ይገባል።
ልትዘጋው አልተነሳችም።
ጋቢውን እኩሌታ አለበሰችኝና፣ ጠበቀች።
ሐሙስ ገና ሦስት ቀን ይቀረዋል።